ስለ ፈረስ መለያ ቍጥርና ስለ ፈረስ ፓስፖርት

መግቢያ

ሰው ወደማያውቀው አገር ሄዶ «ማን ነህ? ከወዴትስ መጣህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ስሙንና የአባቱን ስም ይናገራል፤ ቃሉን ባያምኑት ደግሞ ወረቀቱን አውጥቶ ያሳያል። ፈረስ ግን አፍ የለውም። በተወለደበት መንደር እስካለ ድረስ መናገርም አያስፈልገው፤ ባለቤቱም እረኛውም ጎረቤቱም በመልኩና በአረማመዱ ያውቁታልና። ችግሩ የሚነሣው ፈረሱ ከሚያውቁት ሰዎች ተለይቶ የሄደ እንደ ሆነ ነው። ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ፣ ባሕር ተሻግሮ ለእሽቅድድም ሲቀርብ፣ ታሞ መድኃኒት ሲሰጠው፣ ተሰርቆም ሲገኝ «ይህ ፈረስ ያ ፈረስ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህ ጥያቄ በአውሮፓ፣ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር፣ በምን ዐይነት መንገድ መልስ እያገኘ እንደ ሄደ ለመግለጽ ነው። በዚያ አገር ዛሬ ማናቸውም ፈረስ፣ አህያና በቅሎ ሳይቀር፣ መለያ ቍጥርና ፓስፖርት ሊኖረው በሕግ ግድ ነው። ይህን ለሰው ብንነግረው አብዛኛውን ጊዜ ይስቃል። እኛም ነገሩን መመርመር በጀመርንበት ጊዜ የሀብታሞች ቅንጦት ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን እየገባን በሄድን ቍጥር ከዳኝነት፣ ከሰው ጤናና ከንግድ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ተረዳን። በመጨረሻም ስለ አገራችን ጥቂት አሳብ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ነገሩ ከመዝገብ እንደ ተነሣ

የፈረስ መታወቂያ ታሪክ የሚጀምረው ከመንግሥት ሕግ ሳይሆን ከእሽቅድድም ሜዳ ነው። በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድድም ፈረስ ዘር እየታወቀ ሲሄድ የአንዱ ውርንጭላ ዋጋ የሚቈረጠው በአባቱና በእናቱ ሆነ። ስለዚህ የማን ልጅ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አስፈለገ። ጄምስ ዌዘርቢ የሚባለው ሰው በ1791 የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ መግቢያ አሳተመ፤ በ1793 ደግሞ አንደኛው መጽሐፍ ወጣ። ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይቋረጥ ይጻፋል፤ ጠባቂውም በዚያው ቤተ ሰብ ስም የሚጠራው ድርጅት ነው። በዛሬው ጊዜ ያሉት የቶሮብሬድ ፈረሶች ሁሉ በአባት በኩል ሲቈጠሩ ከምሥራቅ አገር ከመጡት ከሦስቱ ድንጉሎች ከአንዱ ይደርሳሉ።

እንግዲህ መዝገብ ተገኘ። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ በ1844 በሆነው ነገር ታወቀ። በኤፕሶም ሜዳ በየዓመቱ የሚደረገው ደርቢ የሚባለው ታላቅ እሽቅድድም ሦስት ዓመት ለሆናቸው ፈረሶች ብቻ የተፈቀደ ነው። በዚያ ዓመት ራኒንግ ሬይን የተባለ ፈረስ ቀድሞ ገባ። ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ የሚባለው መኰንን ግን ከእሽቅድድሙ በፊት ጀምሮ ፈረሱን ይጠራጠር ነበር። ሁለተኛ የወጣው ኦርላንዶ የሚባለው ፈረስ ሲሆን ባለቤቱ ኮሎኔል ፒል ነበረ። ሽልማቱ ለማን እንደሚገባ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በራኒንግ ሬይን ስም የሮጠው በእውነቱ ማካቢየስ የሚባል የአራት ዓመት ፈረስ ነው ተብሎ ተከራከሩ። ሦስት ዓመት በሆነውና አራት ዓመት በሆነው ፈረስ መካከል ያለው የጕልበት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ዳኛው ባሮን አልደርሰን ከምስክር ሁሉ አስበልጦ የጠየቀው ፈረሱ ራሱ እንዲቀርብና የከብት ሐኪሞች ጥርሱን እንዲያዩ ነበር። የፈረስ ጥርስ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ዕድሜውን ይናገራልና። ፈረሱ ግን ሊቀርብ አልቻለም፤ ሰወሩት። በዚህም ምክንያት ከሳሹ ክሱን ተወ፤ ድሉም ለኦርላንዶ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለጽሑፋችን ሁሉ መሠረት ነው። በመዝገቡ የተጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ራኒንግ ሬይን የሚባል የሦስት ዓመት ፈረስ በእርግጥ ነበረ። የጠፋው ነገር መዝገቡን ከፈረሱ ገላ ጋራ የሚያስተሳስረው ማሰሪያ ነው። እንግዲህ የፈረስ መታወቂያ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ አንደኛ በገላው ላይ የሚገኝ ምልክት፣ ሁለተኛ በመዝገብ የተጻፈ ቍጥር፣ ሦስተኛ ከፈረሱ ጋራ የሚሄድ ወረቀት። ሦስቱ አንድ ቃል ሲናገሩ ፈረሱ ታወቀ ይባላል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ወይም ቢለያይ ለአታላይ በር ይከፈታል።

2. በገላ ላይ የሚገኝ ምልክት

የመጀመሪያው ምልክት ተፈጥሮ የሰጠችው መልክ ነው። የፈረሱ ቀለም፣ በግንባሩ ያለው ነጭ፣ እግሩ እስከ የት ድረስ እንደ ነጣ ይጻፋል። ከዚህም ሌላ በግንባሩ፣ በአንገቱና በደረቱ ላይ ጠጕሩ ዞሮ የሚተኛበት አዙሪት አለ። የአዙሪቱ ቦታ ከፈረስ ወደ ፈረስ ስለሚለያይ፣ ዕድሜውንም ሙሉ ስለማይለወጥ፣ ነጭ ምልክት ለሌለው ባለ አንድ ቀለም ፈረስ ዋነኛ መለያ ነው። በፓስፖርቱ ውስጥ የፈረስ ሥዕል ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከፊትና ከኋላ ባዶውን ታትሞ ይገኛል፤ የከብት ሐኪሙ ወይም ሌላ የተፈቀደለት ሰው ፈረሱን እየተመለከተ ነጩን በቀይ ቀለም፣ አዙሪቱን በጥቁር የመስቀል ምልክት ይሥልበታል።

ነገር ግን መልክ ያታልላል። ግራጫ ፈረስ ሲወለድ ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለድና ዕድሜው ሲጨምር እየነጣ ይሄዳል፤ በሁለት ዓመቱ የተጻፈው ቀለም በዐሥር ዓመቱ አይገኝም። ሰውም በእጁ መልክን ሊለውጥ ይችላል። በ1984 በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ ፋይን ኮተን በሚባል ደካማ ፈረስ ስም ቦልድ ፐርሰናሊቲ የሚባል ፈጣን ፈረስ አሮጡ። የሁለቱ ቀለም ስለማይመሳሰል ፈረሱን የሴቶች ጠጕር በሚቀባበት ቀለም ቀቡት፤ እግሩንም ነጭ ቀለም አስነኩት። ፈረሱ ቀድሞ ቢገባም ተንኰሉ ወዲያው ታወቀና ድሉ ተሰረዘ። ይህ የሆነው ከራኒንግ ሬይን 140 ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሰው ራሱ ምልክት መጨመር ግድ ሆነበት። ጥንታዊው በጋለ ብረት መተኮስ ነው። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኪት ፋሬል እጅግ በቀዘቀዘ ብረት ምልክት የማድረግን ዘዴ አወጡ። ብርዱ ለጠጕር ቀለም የሚሰጠውን የሰውነት ክፍል ስለሚገድል በዚያ ቦታ የሚበቅለው ጠጕር ነጭ ይሆናል፤ ነጭ ለሆነ ፈረስ ግን ብረቱን ጥቂት አቈይተው ጠጕሩ ጨርሶ እንዳይበቅል ያደርጋሉ። ይህ ምልክት ከሩቅ ስለሚታይ ሌባን ያስፈራል ይባላል። በአሜሪካ የእሽቅድድም ፈረሶች ለብዙ ዓመታት በላይኛው ከንፈራቸው ውስጥ ፊደልና ቍጥር ይነቀሱ ነበር፤ ፊደሉ የተወለዱበትን ዓመት ያመለክታል። ንቅሳቱ ግን በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ ከ2017 ወዲህ ለተወለዱት ቶሮብሬዶች ማይክሮቺፕ የመመዝገቢያ ግዴታ ሆነ።

የዘር ጥያቄ የተነሣ እንደ ሆነም ሌላ መንገድ አለ። ቀድሞ የደም ዐይነት ይመረመር ነበር፤ አሁን ከጋማ ወይም ከጭራ ከነሥሩ ከተነቀለ ጠጕር ዲ.ኤን.ኤ. ይመረመራል። በዚህ ምርመራ ውርንጭላው የተባለው ድንጉላና የተባለችው ባዝራ ልጅ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል።

3. ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ቍጥር

ማይክሮቺፕ የሚባለው መሣሪያ በመጠኑ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ርዝመቱ 12 ሚሊሜትር ያህል ነው። የከብት ሐኪሙ በወፍራም መርፌ በፈረሱ አንገት በግራ በኩል፣ በጆሮ ግንዱና በጫንቃው መካከል እኩሌታው ላይ፣ ከጋማው ሥር በሚገኘው ጅማት ውስጥ ያስገባዋል። በውስጡ ባትሪ የለበትም። ማንበቢያው መሣሪያ በተጠጋው ጊዜ 134.2 ኪሎኸርዝ በሆነ የራዲዮ ሞገድ ኀይል ይሰጠውና ቍጥሩን ይመልሳል፤ ማንበቢያው ሲርቅ ደግሞ ዝም ይላል።

ቍጥሩ 15 አኃዝ አለው። የፊተኞቹ ሦስቱ የአገር ወይም የሠሪው ኩባንያ መለያ ሲሆኑ የቀሩት 12 የዚያ አንድ መሣሪያ ቍጥር ናቸው። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በአንድ መለያ ሥር 274,877,906,944 የተለያዩ ቍጥሮች ሊሰጡ ስለሚችሉ በዓለም ያለው ፈረስ ሁሉ ቢመዘገብ እንኳ ቍጥር አያልቅም።

ብዙ ሰው ግን ማይክሮቺፑ ፈረሱ የት እንዳለ የሚናገር ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ቍጥሩን ብቻ ነው፤ የባለቤቱን ስም አያውቅም፤ ማንበቢያውም ቅርብ ካልሆነ አይሰማውም። የተሰረቀ ፈረስ የሚገኘው አንድ ሰው ማንበቢያ ይዞ ያነበበው፣ ያነበበውንም ቍጥር ከመዝገብ ጋራ ያስተያየው እንደ ሆነ ነው። አልፎ አልፎም መሣሪያው ይበላሻል ወይም አይነበብም። ስለዚህ ማይክሮቺፑ ሥዕሉን አልሻረውም፤ ሁለቱ አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነው ይኖራሉ።

4. የዕድሜ ልክ ቍጥር

ከማይክሮቺፑ ቍጥር ሌላ ፈረሱ የሚሰጠው ሁለተኛ ቍጥር አለ። ይህም በእንግሊዝኛ አጠራሩ በአጭሩ ዩ.ኢ.ኤል.ኤን. የሚባለው ሲሆን ትርጕሙ ዓለም አቀፍ የፈረስ የዕድሜ ልክ ቍጥር ማለት ነው። ይህም እንደ ማይክሮቺፑ 15 ስለ ሆነ ሰዎች ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ ናቸው። የማይክሮቺፑ ቍጥር የመሣሪያው ነው፤ መሣሪያው ቢበላሽና ሌላ ቢገባ ቍጥሩ ይለወጣል። የዕድሜ ልክ ቍጥር ግን የፈረሱ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰጠ እስኪሞት ድረስ አይለወጥም፤ ከሞተም በኋላ ለሌላ አይሰጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊተኞቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 826 ታላቋ ብሪታንያ፣ 372 አየርላንድ፣ 250 ፈረንሳይ፣ 276 ጀርመን፣ 528 ሆላንድ ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ በዚያ አገር ፈረሱ የተመዘገበበትን መዝገብ ወይም የዘር ማኅበር ያመለክታሉ። የመጨረሻዎቹ ዘጠኙ በዚያ መዝገብ ውስጥ የፈረሱ የግል ቍጥር ናቸው። እንግዲህ ቍጥሩን ያየ ሰው መጀመሪያ ወደ አገሩ፣ ቀጥሎ ወደ መዝገቡ፣ በመጨረሻም ወደ ገጹ ይመራል ማለት ነው።

የአገሩ ቍጥር ፈረሱ የሚኖርበትን ሳይሆን መጀመሪያ የተመዘገበበትን አገር የሚያመለክት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሆላንድ የተመዘገበ ውርንጭላ ወደ አሜሪካ ተሸጦ ስሙ ቢለወጥ፣ ባለቤቱም አምስት ጊዜ ቢለዋወጥ፣ ቍጥሩ 528 ብሎ እንደ ጀመረ ይኖራል። ስም ይለወጣል፤ ባለቤት ይለወጣል፤ ቀለምም እንደ ተባለው ይለወጣል። የማይለወጥ ነገር አንድ እንኳ ካልተገኘ የእናቱን ዘር፣ የወሰደውን መድኃኒትና ያሸነፈውን ውድድር በአንድ ገጽ ማሰባሰብ አይቻልም። የቍጥሩ ጥቅም ይህ ነው።

5. ፓስፖርቱ

ፓስፖርቱ ከፈረሱ ጋራ የሚሄድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በውስጡ የፈረሱ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ቀለሙ፣ የእናትና የአባቱ ስም፣ የዕድሜ ልክ ቍጥሩ፣ የማይክሮቺፑ ቍጥር፣ ከዚህ በላይ ያመለከትነው ሥዕል፣ የባለቤቱ ስም፣ የተከተበው ክትባትና ስለ መድኃኒት የተሰጠው ቃል ይገኛሉ።

ይህ መጽሐፍ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1993 ባወጣው ውሳኔ በመጀመሪያ በዘር መዝገብ ወይም በውድድር ማኅበር ለተመዘገቡት ፈረሶች ብቻ አንድ ዐይነት የመታወቂያ መጽሐፍ አዘዘ። በ2000 ውሳኔው ለሌሎቹም ፈረሶች ተስፋፋ። በእንግሊዝ አገር የፈረስ ፓስፖርት ደንብ በ2004 በሥራ ላይ ዋለ። ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የሚመዘገቡት ውርንጭሎች ማይክሮቺፕ እንዲገባላቸው ታዘዘ። ከ2016 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ደንቡ ጠንክሮ እያንዳንዱ አገር አንድ ማዕከላዊ መዝገብ እንዲኖረው ተደረገ። በእንግሊዝ አገር ይህ ማዕከላዊ መዝገብ በ2018 ተከፈተ፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2020 ጀምሮም በዕድሜ የገፉት ፈረሶች ሳይቀሩ ሁሉም ማይክሮቺፕ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ።

በእንግሊዝ አገር ውርንጭላ ፓስፖርት ሊወጣለት የሚገባው ከተወለደ እስከ ስድስት ወር ወይም እስከ ተወለደበት ዓመት መጨረሻ ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ቀን ይቈጠርለታል። ፈረስ የገዛ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ፓስፖርቱን ወደ አውጪው ድርጅት ልኮ ስሙን ያስለውጣል፤ ፈረሱ ከሞተም ፓስፖርቱ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ፓስፖርት የሌለውን ፈረስ መሸጥ ክልክል ነው። ፓስፖርቱን የሚያወጣው መንግሥት ራሱ ሳይሆን መንግሥት የፈቀደላቸው ልዩ ልዩ የዘር ማኅበሮችና ድርጅቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ አለብን። ፓስፖርቱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። በመጽሐፉ ስሙ የተጻፈው ሰው ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ንብረቱ የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በሽያጭ ውልና በደረሰኝ ነው። ፓስፖርቱ የሚመልሰው «ይህ ፈረስ ማን ነው?» የሚለውን እንጂ «ይህ ፈረስ የማን ነው?» የሚለውን አይደለም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ገዢ ፓስፖርቱን በእጁ ስለ ያዘ ብቻ ተማምኖ የሌላ ሰው ፈረስ ሊገዛ ይችላል።

በአገሮች መካከል ለሚደረገው ውድድር ደግሞ በ1921 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የራሱ ደንብ አለው። ከ2013 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገብ ፈረስ ሁሉ ማይክሮቺፕ እንዲኖረው አዝዟል። ፈረሱ ወደ ውድድር ስፍራ ሲደርስ የጉንፋን ክትባቱ ስድስት ወር ከ21 ቀን ያላለፈው መሆኑ ከፓስፖርቱ ይመረመራል።

6. ስለ ምን ይህ ሁሉ ድካም?

አንባቢ «ለእሽቅድድም ፈረስስ ይሁን፤ ጋሪ ለሚጐትት አህያ ፓስፖርት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው በሽታ ነው።

በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በኢጣሊያ የፈረስ ሥጋ የሚበላ ሰው አለ። በሌላ በኩል ፌኒልቡታዞን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለፈረስ ሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ የተለመደ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት በሰው ላይ አልፎ አልፎ ደም የሚፈጠርበትን የአጥንት መቅኔ የሚያጠፋ ብርቱ ጕዳት ስለሚያደርስ በሥጋ ውስጥ ይህን ያህል ቢገኝ አይጐዳም የሚባል ልክ አልተገኘለትም። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ለዘለዓለም ከሰው መብል ይለያል። በፓስፖርቱ ውስጥ ይህ የሚፈረምበት ገጽ አለ፤ አንድ ጊዜ ከተፈረመ በኋላ አዲስ ባለቤት ቢመጣ እንኳ ሊሽረው አይችልም። ሌሎች አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ከተሰጡ በኋላ ስድስት ወር እስኪያልፍ ድረስ ፈረሱ ለመታረድ አይቀርብም።

አታላይ ሰው ለዚህም መላ አይጠፋውም። የተፈረመበትን ፓስፖርት ጥሎ «ጠፋብኝ» በማለት ንጹሕ ፓስፖርት ለማውጣት ይሞክራል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ስላወቁ ምትክ ሆኖ የሚወጣ ፓስፖርት በደንቡ ፈረሱን ከመብል የተለየ አድርገው እንዲጽፉበት አዘዙ። ነገር ግን ማዕከላዊ መዝገብ ከሌለ ፈረሱ ቀድሞ ፓስፖርት እንደ ነበረው ማን ያውቃል? በእንግሊዝ አገር የነበረው ብሔራዊ የፈረስ መዝገብ በ2012 ተዘጋ። ጥር 15 ቀን 2013 የአየርላንድ የምግብ ጥበቃ ባለ ሥልጣን በገበያ የሚሸጠውን የተፈጨ የበሬ ሥጋ አስመርምሮ የፈረስ ሥጋ እንደ ተገኘበት አስታወቀ፤ በአንደኛው ናሙና 29 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በመላው አውሮፓ ታላቅ ቍጣን አስነሣ። ዋናው ወንጀል የፈረስን ሥጋ የበሬ ብሎ መሸጥ ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን ወዲያው «ያ ፈረስ ምን መድኃኒት ወስዶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በላይ ያመለከትነው የ2016ቱ ጠንካራ ደንብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በጥቃቅን ተናዳፊ ዝንቦች የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ፈረስን ክፉኛ ይገድላል፤ የሜዳ አህያ ግን ቫይረሱን ይዞ ሳይታመም ሊኖር ይችላል። በ1987 ከናሚቢያ ወደ እስፓኝ የተወሰዱ የሜዳ አህዮች ይህን በሽታ ይዘው ገቡ፤ በሽታውም እስከ 1990 ድረስ በዚያ አገር ቈየ፤ ወደ ፖርቱጋልም ተሻገረ። ወረቀት ቫይረስን አይከለክልም። ነገር ግን አንድ እንስሳ ከወዴት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተከተበ፣ የተመረመረውም ደም በእርግጥ የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳ ነገር ከሌለ ማቈያ ቦታ ማስገባትና መመርመር ከንቱ ድካም ነው። የአውሮፓ ደንብ የሜዳ አህያን ሳይቀር ከፈረስ ወገን ቈጥሮ የሚያጠቃልለው ስለዚህ ነው።

7. ስለ አገራችን ጥቂት አሳብ

ኢትዮጵያ ሁለት ሚልዮን ገደማ ፈረሶች አሏት፤ በአፍሪካ ውስጥ ብዙ ፈረስ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። የአፍሪካ የፈረስ በሽታም በአገራችን የሚገኝ ስለ ሆነ ፈረሶቻችን ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ብርቱ እንቅፋት አለባቸው።

የፈረስ ስም ግን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። መሳፍንቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በዚያ ጊዜ ፈረሱ ለጌታው መታወቂያ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ስለ ራሱ ስለ ፈረሱ ግን፣ ከማን እንደ ተወለደ፣ ምን ዐይነት ምልክት እንደ ነበረው፣ ጽፎ የማቈየት ልማድ አልነበረንም። የጌታው ታሪክ ሲጻፍ የፈረሱ ስም ብቻ ቀረ።

ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቃል ግን ሞልቶናል። ዳማ፣ ቡላ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ ግራጫ፣ ዳለቻ፣ አምባላይ የሚሉት ቃላት በባለ ፈረሱ አፍ የሚገኙ ናቸው። ገበያ ላይ ከብት ሲገዛ ዋስ መጥራትም የቈየ ልማዳችን ነው። ዋሱ የሚያደርገው በመሠረቱ ፓስፖርቱ የሚያደርገውን ነው፤ ይኸውም የማያውቀውን ገዢ ከሚያውቀው ሰው ጋራ ማገናኘት ነው። ነገር ግን ዋስ የሚሠራው ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት ወረዳ ብቻ ነው። በአንድ ከተማ የጋሪ ፈረሱ የተሰረቀበት ድኻ ፈረሱን ከሳምንት በኋላ በሩቅ ገበያ ቢያገኘው «የእኔ ነው» ከማለት በቀር ምን ማስረጃ ያቀርባል? ሌባውም «የእኔ ነው» ይላል። የቤተ ሰቡ እንጀራ በዚያ ፈረስ ጀርባ ላይ ነውና ጥያቄው ለእርሱ ከእንግሊዙ ባለ ደርቢ ይልቅ የከፋ ነው።

ማንበቢያ መሣሪያ በሌለበት ገበያ ማይክሮቺፕ ይግባ ብንል ከንቱ አነጋገር ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ በላይ ባየነው ታሪክ ውስጥ መዝገቡ የመጣው በ1791 ነው፤ ማይክሮቺፑ ከእርሱ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በኋላ ነው። መዝገቡንም የጀመረው መንግሥት አልነበረም። በአገራችንም በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንደሚያከብረው እንደ ሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለ በፈረስ ፍቅር የተሰበሰበ ሕዝብ አለ። እንደዚህ ያለ ማኅበር የአባሎቹን ፈረሶች ስም፣ ቀለም፣ ነጭ ምልክትና አዙሪት፣ እናትና አባታቸውንም በአንድ መዝገብ ቢጽፍ፣ ለባለቤቱም ቍጥር ያለበት ካርድ ከነሥዕሉ ቢሰጠው፣ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። የጋሪ ነጂዎች ማኅበርም በየከተማው ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ማይክሮቺፑ ዐቅም በተገኘ ጊዜ በዚያው መዝገብ ላይ ይጨመራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው የፈረስ መታወቂያ በገላው ምልክት፣ በመዝገቡ ቍጥርና በሚሸከመው ወረቀት ላይ የቆመ ነው። ምልክት ያለ መዝገብ ትርጕም የለውም፤ መዝገብ ያለ ምልክት ይታለላል፤ ወረቀት ያለ ሁለቱ ማንም ሊጥለውና ሌላ ሊያወጣ ይችላል። አውሮፓውያን ይህን የተማሩት በማታለልና በኪሳራ ነው፤ እኛ ግን ያን ያህል ሳንከፍል ልንማረው እንችላለን።

በዓለም አቀፉ የአገሮች ቍጥር የኢትዮጵያ 231 ነው። የዕድሜ ልክ ቍጥሩ 231 ብሎ የሚጀምር ውርንጭላ በአንድ አገር በቀል መዝገብ ተጽፎ ለማየት የሚያስፈልገው መጀመሪያ የሚጽፍ ሰው ነው። በየአውራጃው ያለውን የፈረስ ቀለምና ምልክት ስም ሰብስቦ የሚያቀርብ ተማሪ ቢነሣ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያኖራል ብለን እናምናለን።